ክፍተት ስለሌላት ጀልባዎና ስለ ልጅ ልጄ

ለክቡር የጉድለት ማረሚያ ኮሚሽነር
ዋናው መሥሪያ ቤት፣ ከባሕሩ ማዶ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ባለፈው ሳምንት ሕዝብ በተሰበሰበበት በወደባችን ከነሙሉ ልብስዎ ከዋኙ በኋላ ጉንፋን እንዳልያዘዎት፣ ጆሮዎ ውስጥ የገባው ውኃ እንደወጣልዎት፣ ያ ነጭ ካባዎም ከጭቃው እንደጠራ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴ መርማሪዎችዎ ፊቴ ላይ ከቆጠሯቸው አሥራ አንድ ጉድለቶች በስተቀር ነው። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ በሠላሳ አራት ዓመት ትዳር ያገኘብኝ ዘጠኝ ብቻ ስለነበር፣ የቀሩትን ሁለቱን ደክመው ስላገኙልኝ ኮሚሽንዎን ከልብ አመሰግናለሁ።

ስሜ ምዋናሻ ቢንቲ ሃጂ ይባላል፤ ደሴቱ ግን «ቢቢ»፣ አያቴ እንደማለት፣ ይለኛል። የሺንዳኒ ደሴት ነዋሪ፣ የጀልባ ሠሪ መበለት ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ ሁለት ዓመቴ ስለሆነ መስመሬ ወደ ታች ያዘነብላል። ይህም በፍጹምነት አዋጁ ጉድለት መሆኑን አውቃለሁና አሥራ ሁለተኛ ብለው ይመዝግቡልኝ። ፊደል ያስቆጠረችኝ የልጄ ልጅ ኪዳዋ ናት፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም ስለ እሷ ነው። መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር የሌለው አቤቱታ እንደማይቀበል ስለተነገረኝ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ክፍተት። እኛ ጀልባ ስንሠራ በሳንቃና በሳንቃ መካከል የጥፍር ውፍረት ያህል ክፍተት እንተዋለን። እዚያ ውስጥ በሻርክ ዘይት የተነከረ ጥጥ በመሮና በእንጨት መዶሻ ይጠቀጠቃል። ደረቅ እንጨት ውኃ ሲጠጣ ስለሚያብጥ ሳንቃዎቹ ጥጡን ጨምቀው ይገጥማሉ፤ ጀልባዋም ጠብታ አታስገባም። ይህን የማያውቅ ሰው በደሴታችን ቢፈለግ አይገኝም ነበር፤ ኮሚሽንዎ መርማሪ ላከልንና ተገኘ።

መርማሪው ማስመሪያውን ይዞ ለክቡርነትዎ በዓል የምትሠራውን ጀልባ ዞሮ ካየ በኋላ የሠሪዎቹን አለቃ ፉንዲ ማካሜን ጠራው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ክፍተት ነው ጌታዬ።»

«ክፍተት መሆኑንማ አያለሁ። ለምን ተተወ?»

«እንጨቱ እንዲተነፍስ።»

«እንጨት አይተነፍስም፣ ሽማግሌው። ሳንቃ ከሳንቃ ይጋጠም። ፀጉር እንኳ እንዳያልፍ!»

ማካሜ አንዴ ብቻ «ትፈነዳለች» አለ። ክፉ በመተንበይ አንድ ጉድለት ተመዘገበበት። ከዚያ ወዲያ አፉን ዘግቶ የታዘዘውን ሠራ። ሁልጊዜ ወደ ባሕሩ ዳርቻ እወርዳለሁና አይቼዋለሁ፤ በአርባ ዓመት ሥራው ሳንቃ በዚያ ጥንቃቄ ሲያጋጥም ያኔ የመጀመሪያው ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ መለኪያ ቀን። በዚያ ቀን አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ሁሉ ጉምሩኩ ፊት ለፊት መድረክ ላይ ወጥቶ «እኔ እንከን የለብኝም» ይላል። ሦስት ጉድለት የተገኘበት ወጣት እስኪቃና ባሕሩን ተሻግሮ መቃኛ ቤት ይገባል፤ እንደ እኔ ያረጀውን ግን አይቃናም ብለው መዝግበው ብቻ ይተዉታል። ኪዳዋ የማካሜ ጥጥ ጠቅጣቂ ናት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ቃል ስትጀምር ምላሷ ይያዛል። ስትዘፍን አይያዝም፤ ስትሳደብም አይያዝም። ጨዋ አድርጌ ማሳደጌ ያን ቀን ጎዳት።

ምላሷ አንድ፣ መዶሻ ያጣመመው ትንሽ ጣቷ ሁለት ተባለ። በሁለት ጉድለት ቤቷ ትገባ ነበር። ልጅቷ ግን ከመድረኩ በመውረድ ፈንታ ዳርቻው ላይ ወደቆመችው ጀልባዎ እየጠቆመች መናገር ጀመረች።

«ጌ... ጌታዬ፣ ያ... ያቺ ጀ... ጀልባ...»

«ጀልባዋ ምን ሆነች?»

«ው... ውኃ ስት... ስት...»

መርማሪው ሰዓቱን አየ። «ምሳ ደርሷል። ሦስተኛ ጉድለት፣ የመንግሥት ጊዜ ማባከን።»

እኔ ከሕዝቡ መካከል «አንተ ልጅ፣ ትጨርስ እንጂ! ምሳህ አይሮጥብህ!» ብዬ ጮኽኩ። «አሮጊቷን ዝም አሰኟት» አለ፤ ፊቴ የተቆጠረውም ያኔ ነው።

ኪዳዋ ዓረፍተ ነገሩን ወደ ማዶ በምትሻገረው መርከብ አጠገብ ለእኔ ጨረሰችልኝ። «ያቺ ጀልባ ውኃ ስትጠጣ ትፈነዳለች፣ ጌታዎ እንዳይሳፈሩባት» ነበር ነገሩ። አንድ ብርቱካን ልጦ የመብላት ያህል ጊዜ ወሰደባት። ክቡር ሆይ፣ ያቺ ልጅ ሊያስራት የቀረበ ሰው ፊት ቆማ ልታድን የፈለገችው እርስዎን ነበር፤ መንግሥትዎ ግን አንድ ብርቱካን ያህል መታገሥ አቃተው።

ሦስተኛውን ለመጨረሻ አቆየዋለሁ። አሁን ብጽፈው እስክሪብቶው እጄ ላይ ይሰበራል።

አራተኛ፣ ስለ በዓሉ። ስለ ግብዣው እናመሰግናለን፤ እንደዚያ የተደሰትንበት የመንግሥት በዓል አናስታውስም። ጀልባዋ በባንዲራ ተሸልማ ሦስት ቀን ውኃ ላይ ታስራ ነበረች። ጠባቂዎችዎ ማንንም ስላላስጠጉ፣ ሳንቃዎቹ እያበጡ መሄጃ ሲያጡ የሰማው ከሩቅ ጆሮውን አቅንቶ የነበረው ማካሜ ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ክቡርነትዎ ከአራት ከበሮ መቺዎች ጋር ተሳፈሩ። የመጀመሪያው ሚስማር ሲስፈነጠር የክብር ተኩስ መስሎዎት እጅዎን ወደ ግንባርዎ አነሱ። ከዚያ ሚስማሩ ሁሉ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣ ጀመር፤ ሳንቃው ወደ ውጭ ተቆለመመ፤ ከበሮዎቹ ተንሳፈፉ፤ ክቡርነትዎ ግን አልተንሳፈፉም። ውኃው ደረት ድረስ ብቻ ስለነበር የተጎዳ የለም፣ አልሐምዱሊላሂ። ሕዝቡም አልሳቀም። ያለ ፈቃድ መሳቅ ጉድለት ስለሆነ ሁላችንም ፊታችንን ወደ ጉምሩኩ ግድግዳ አዞርን፤ ትከሻችን ብቻ ተንቀጠቀጠ።

አምስተኛ፣ በማግስቱ ስለደረሰን ትእዛዝ። «ጀልባዋን በአሥር ቀን ውስጥ ጠግናችሁ አስረክቡ» ይላል። ለመታዘዝ ቸኩለን አዋጁን ብናነብ (አሁን ማንበብ እችላለሁ፤ ኪዳዋን ያመስግኗት) አንቀጽ ዘጠኝ «ጉድለት የተመዘገበበት እጅ የመንግሥትን ንብረት አይንካ» ይላል። እኛ ሕግ አክባሪዎች ነን። ስለዚህ መሮ መያዝ የሚችል የደሴቱ ሰው ሁሉ በማግስቱ ጠዋት ወደ መዝገብ ቤት ሄዶ ጉድለቱን በገዛ ፈቃዱ ተናዘዘ። አርባ ሦስት ነበርን። ሰልፉ እስከ ዓሣ ገበያው ደርሶ ነበር።

«ስም?» አለ ጸሐፊው።

«ሲማይ። ጉድለቴ ማንኮራፋት ነው።»

«ማንኮራፋት ዝርዝሩ ላይ የለም።»

ሚስቱ ከኋላ ብቅ ብላ «አንተ እሱ ጎን ተኝተህ ታውቃለህ? ጻፍ ብዬሃለሁ!» አለችው። ጻፈ።

ቀጥሎ ሽማግሌው ፓንዱ ቀረበ። «እኔ ውሸታም ነኝ።»

«ታዲያ እንዴት ልመንዎት፣ አባባ?»

«እሱ እኮ ነው ችግሬ፣ ልጄ!»

ማካሜ በበኩሉ ሳንቃ ያለ ክፍተት መግጠም እንደማይችል አስመዘገበ፤ ማስረጃ ሲጠየቅ በመስኮቱ ወደ ወደቡ ጠቆመ። እኩለ ቀን ሳይሞላ ቅጹ አለቀ። በመጨረሻ ጸሐፊው ራሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቢቢ፣ ከሩቅ ማየት ለሚያቅተው ሰውስ መዝገብ አለ?» አለኝ። ከበሩ ላይ ጣቶቼን ዘርግቼ ስንት እንደሆኑ ጠየቅኩት፤ በእውነትም አያይም። አርባ አራተኛ ሆነ።

ስለዚህ ጀልባዎ አሸዋው ላይ በጎኗ ተኝታለች። ሸርጣን ገብቶባታል። በደሴቱ ላይ እሷን ለመንካት የሚበቃ ንጹሕ እጅ ባለመኖሩ ሐዘናችን ጥልቅ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው እመለሳለሁ። ኪዳዋ መቃኛ ቤት ከገባች ዛሬ ስልሳ ስምንተኛ ቀኗ ነው። ምላሷ በዘጠና ቀን ካልተቃና ወደ ጨው ማሳዎቹ ትላካለች፤ ከጨው ማሳ የተመለሰ ልጅ እስካሁን አላየንም። እዚያ ከጠዋት እስከ ማታ «እኔ እንከን የለብኝም» ታሰኟታላችሁ፤ ስትሳሳት እንደ ገና ከመጀመሪያው። መዝፈን ከልክላችኋታል። ባለፈው ሳምንት አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ግማሹ በጥቁር ቀለም ተሰርዟል፤ አንድ መስመር ግን አምልጧችኋል፦ «ቢቢ፣ እዚህ ዓረፍተ ነገሬን እስክጨርስ የሚጠብቅ ሰው የለም፤ ስለዚህ መጀመር ትቻለሁ።»

ከደብዳቤው ጋር የተያያዘው የእናንተ ወረቀት «ሰባት ቀን ሙሉ አልተንተባተበችም፤ መሻሻል አሳይታለች» ይላል።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ስልሳ ሁለት ዓመት ያለ ፊደል የኖርኩ ሴት ነኝ። «በ»ን ከ«ሰ» ለመለየት አንድ ወር ሲፈጅብኝ ያቺ ልጅ በጠመኔ ሳንቃ ላይ እየጻፈች፣ እኔ እየተሳሳትኩ፣ እሷ እየጠበቀች አስተምራኛለች። አንድ ቀን እንኳ ሰዓት አላየችም። ስለዚህ መጠበቅ እንደሚቻል አውቃለሁ።

አንቀጽ አሥር ክቡርነትዎ በፊርማዎ ማንንም ከጉድለት ነጻ ማድረግ እንደሚችሉ ይላል። እኛ አርባ አራታችን ተስማምተናል፤ ነጻ የሚያወጡን ከሆነ ከኪዳዋ ይጀምሩ። ከእሷ በፊት ስሙ እንዲፋቅለት የሚፈልግ ሰው በመካከላችን የለም። እሷ ስትመጣ ጀልባዎን ፈትተን፣ በየመካከሉ የጥፍር ያህል ክፍተት ትተን፣ ጥጡንም በራሷ እጅ አስጠቅጥቀን እናስረክብዎታለን። የቀሩት ሃያ ሁለት ቀናት ናቸው።

ለክቡርነትዎ ከነሰፊ ካባዎ ረዥም ደረቅ ዘመን እየተመኘሁ፣ ባዘነበለ መስመሬ፣ በአሥራ ሁለቱ ጉድለቶቼና በማይገባዎት አክብሮት ዝቅ ብዬ እፈርማለሁ፤

ምዋናሻ ቢንቲ ሃጂ
የተመዘገበች ጉድለተኛ፣ ሺንዳኒ ደሴት

ማስታወሻ፦ ጀልባዋ በሰመጠች ማግስት፣ ባሕሩ ሲሸሽ ኦክቶፐስ የምታጠምደው ጎረቤቴ ቢ ሺዳ ከወደቡ ጭቃ ውስጥ ሙሉ የላይ ጥርስ ከነሰው ሠራሽ ድዱ አገኘች። ነጭ፣ እኩል፣ በጣም የሚያምር ነው። አራቱን ከበሮ መቺዎች የተጠበሰ ካሳቫ ጋብዤ አየኋቸው፤ የሁሉም ጥርስ በቦታው ነው። ሰው ሠራሽ አካል ደብቆ መያዝ በአዋጁ ስንት ጉድለት እንደሚያስቆጥር ከእኔ ይልቅ ክቡርነትዎ ስለሚያውቁ፣ ባለቤቱን እንዲያፈላልጉልኝ አደራ እላለሁ። ጥርሱ መስኮቴ ላይ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ነው። ይህን ደብዳቤ ከሚያነቡት በስተቀር ለማንም አልተናገርኩም። ኪዳዋ በሰኞዋ መርከብ ከመጣች፣ ጥርሱ በዚያችው መርከብ ተጠቅልሎ ይመለሳል። ካልመጣች ግን ማክሰኞ የገበያ ቀን ነው፤ ጉምሩኩ ፊት ለፊት ያለው መድረክ ላይ አስቀምጬው ለማን እንደሚገጥም ሕዝቡ እንዲሞክር እጋብዛለሁ። እስከዚያው አጥሚት ይስማማዎታል።