አባትሽ ያየው ሽመላ

ልጄ ጊሊያን፣ ባለሽበት ሰላምሽ ይብዛ። ኒውዚላንድ ብርዱ ገባ አሉ፤ ደረትሽን ሸፍኚ። የኛ ጣራ ዘንድሮም ያፈሳል።

ቅዳሜ ከወፍ ተመልካቾች ማኅበራችን ጋር ረግረጉ ዳር ወጥተን ነበር። አባትሽ ድንገት «ነጭ ሽመላ! ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩት!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም መነጽሩን ወደዚያው አዞረ። አጥሩ ላይ የተጠመጠመ ነጭ ፌስታል ነበር።

ጸሐፊያችን ዴዝሞንድ አቀርቅሮ፣ «ክላይቭ፣ ደንቡን ታውቃለህ፤ ሁለተኛ ሰው ካላየው አይመዘገብም» አለው።

አንጀቴ አልችል አለና «እኔም አይቼዋለሁ» ብዬ መዝገቡ ላይ ፈረምኩ።

አሁን ሐኪም ጋ እንሂድ ስለው፣ «ሽመላ ያየ ዓይን ምን ይሆናል ብለሽ ነው?» ይለኛል።

አምላክ አንደበትሽን ያለስልስልሽ፣ ልጄ። እሑድ ሲደውልልሽ እውነቱን አንቺ ንገሪው። እኔማ ፈርሜበታለሁ።

እናትሽ ዶሪን