የአባባ ኡጃጋር ዜሮ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 9
እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ስሜትዊክ ከተማ ሲዘንብ ዋለ። የሲኮች ቤተ ጸሎታችን፣ የጉርድዋራው ወጥ ቤት ገብቼ ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት ከተፍኩ። የድብርት ጥናት መጠይቅ ይዞ በር ላይ የሚቆምን ማን ያዋራዋል? ሽንኩርት የሚከትፍን ግን ሁሉም ያዋራዋል። ዩኒቨርሲቲው ይሄን አላስተማረኝም።

ዛሬ ተራው የአባባ ኡጃጋር ነበር። ሰባ ሦስት ዓመታቸው፤ የብረት ማቅለጫ ጡረተኛ። ሚስታቸው በጸደይ አረፉ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

"ባለፉት ሁለት ሳምንታት ተስፋ የመቁረጥ ስሜት ነበረዎት?"

"ቻርዲ ካላ!" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ያው የሁላችንም መልስ፤ መንፈሴ ከፍ ያለ ነው። "ይልቅ አንቺ ባል ፈልጊ፣ እኔን ከምትመረምሪ!"

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ዘጠኙንም ጥያቄ ዜሮ፣ ምንም የድብርት ምልክት የለም ብዬ ሞላሁ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 16
አባባ ኡጃጋር ጥምጥማቸው ላልቶ መጡ። አምስት ሜትር ጨርቅ ብቻን አይታጠፍም፤ ሌላኛውን ጫፍ ወጥሮ የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። ሚስታቸው ነበሩ የሚይዙላቸው። አሁን የበር እጀታ ላይ ያስሩታል።

"በሩ ይሻላል፣ አይጨቀጭቅም" አሉኝ።

ሳቅኩ። ለምን ሳቅኩ?

አርብ፣ ኦክቶበር 19
ከጉርድዋራው ስወጣ አባባ ኡጃጋር በር ላይ ጠበቁኝ። "ልጄ... ጧት ስነሳ ለምን እንደምነሳ አላውቅም።"

እኔስ ምን አልኩ? "አይዞዎት አባባ፣ ቻርዲ ካላ!"

"ቻርዲ ካላ" አሉ። ጫማቸውን አድርገው ሄዱ። አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 27
አባባ ኡጃጋር ሞቱ። በገዛ እጃቸው።

ልጃቸው ጃግታር ከሌስተር ከተማ መጥቷል። ጥግ ወስዶ "ለሚጠይቅሽ ሁሉ የልብ ድካም ነው በይ" አለኝ። ቆይቶ ደግሞ፣ "አንቺ ጠይቀሻቸው ነበር አይደል? ምን አሉሽ?"

"ቻርዲ ካላ አሉኝ።"

እጄን ይዞ አለቀሰ። ትንሽ የቀለለው መሰለኝ። አልዋሸሁም... ግን በር ላይ ያሉኝን ዋጥኩት። አፈርኩ፤ በራሴ አፈርኩ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 5
የጥናት አማካሪዬ "የሳቸውን ቅጽ ከጥናቱ ብናወጣው ይሻላል" አለች። እምቢ አልኩ። የሳቸው ብቻ ነው እንዴ ዜሮው? ከጠየቅኳቸው ስልሳ አንድ ሰዎች ሃምሳ ሁለቱ ዜሮ ናቸው።

ለጃግታር ደወልኩ። አባቱ በር ላይ ያሉኝን፣ የኔንም መልስ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ስልኩን ዘጋው።

እሑድ፣ ኖቬምበር 11
እማዬ አተር እየፈለፈለች ነበር። ቀና ሳትል "እንዴት ዋልሽ?" አለችኝ።

"ደህና አይደለሁም፣ እማ።"

በዚህ ቤት እንዲህ ተብሎ አያውቅም። ጸልዪ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ሳህኑን ገፋ አድርጋ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

"እኔም" አለች።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አንቺ ሳትወለጂ።"