ያ ድንጋይ ወደ ሐይቁ በር እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የሕዝብ መናፈሻዎችና ሰው ሠራሽ ሐይቆች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ መናፈሻው አዲስ በር የጠነከረ፣ እንቅልፍዎም አቤቱታ የማይደርስበት እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ አክብሮታዊ ሰላምታዬን ጎንበስ ብዬ አቀርባለሁ። እኔ ከመናፈሻው ማዶ ባለች አንዲት ክፍል ልብስ እየሰፋሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ልዳፈርዎ ፈልጌ ሳይሆን፣ በመስኮትዎ በኩል ያቀረብኳቸው ማመልከቻዎች ሁሉ «ነገ ይመለሱ» ከሚል ትሕትና የተሞላበት መልስ በቀር ሌላ ስላላገኙና ያ ነገም እስካሁን ስላልመጣ ነው።

ጉዳዩ የአባቴ ነው። አባቴ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ጽሕፈት ቤትዎ ዓሣ እየጨመረበት ሕዝቡ መንጠቆ እየጣለ በሚዝናናበት ሐይቅ ያሉ ጓደኞቻቸውም እስከ ዛሬ «ሾፌሩ» ነው የሚሏቸው። መርሳት ከጀመራቸው ቆይቷል፤ መጀመሪያ መነጽራቸውን፣ ቀጥሎ የጎረቤቱን ስም፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ እኔን። ወደ ሐይቁ የሚወስደውን መንገድ ግን እግራቸው አልረሳም። እዚያ ደግሞ መርሳታቸውን የሚያውቅባቸው የለም፤ አጥማጅ ከአጥማጅ ጋር የሚነጋገረው «ያዘልህ?»፣ «ገና ነው» ብቻ ስለሆነ፣ ይህን አባቴ ከማንም እኩል ይመልሳሉ። ቤት ውስጥ የሚጠየቁት ሁሉ ፈተና ነው፤ መድኃኒት ዋጡ? ይቺ ማን ናት? ውሃው ዳር ግን ሙሉ ሰው ነበሩ፤ ባዶ እጃቸውንም ቢሆን እየሳቁ ይመለሱ ነበር።

አንደኛ፦ አዲሱን የብረት በር ስላስገጠሙልን እጅግ አመሰግናለሁ። ማንም እየገባ ይወጣበት በነበረ ሐይቅ፣ እያንዳንዱ አጥማጅ የራሱን የምስጢር ቁጥር ነክቶ እንዲገባና በሩም ከኋላው ወዲያው ራሱን እንዲዘጋ መደረጉ ከምን ያህል ሥጋት እንዳዳነን ለመናገር ቃል ያጥረኛል። ሥጋቱ ምን እንደነበረ ብቻ አልተነገረንም። ዓሣዎቹ ግን ከሩቅ መጥተው፣ ማን እንደሆኑ ሳይጣራ፣ ቁጥርም ሳይጠየቁ ከቦቴ እየተዘረገፉ ሲገቡ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሁለተኛ፦ አባቴ ቁጥሩን መያዝ ስላቃታቸው በሙያዬ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ፤ በኮታቸው እጅጌ ጫፍ፣ ከውስጥ በኩል፣ አራቱን አኃዞች በቀይ ክር ጠለፍኩላቸው። እጅጌያቸውን ገልበጥ አድርገው እያነበቡ ጥቂት ቀን በኩራት ገቡ። ትጉሁ ዘበኛዎ ግን ይህን ደርሰውበት፣ የተጻፈ ምስጢር ምስጢር አይደለም በማለት ቁጥሩን አሰረዙት። አዲስ ቁጥር ተሰጠን፤ የቀድሞውን ተርትሬ አዲሱን ጠለፍኩ፤ እሱም ተሰረዘ። እኔው ራሴ መጥቼ ልንካላቸው ብል ደግሞ፣ የአባትን ምስጢር ልጅም ብትሆን ማወቅ የለባትም ተባልኩ። መመሪያው ለቤተሰባችን ክብር እንዲህ መጨነቁ ልብ ይነካል። የእጅጌው ገበር ግን ከመተርተር ብዛት ስለሳሳ ከእንግዲህ መርፌ አይችልም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ፣ ነገሩን ላጣራ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ ብመጣ፣ የአባቴ የማጥመድ ፈቃድ ራሱ «ለደኅንነታቸው ሲባል» መታገዱን የሚገልጽ ወረቀት ተቀብዬ ተመለስኩ።

ሦስተኛ፦ ይህ እንኳ ቅሬታ አይደለም፤ ትዝታ ነው። አዲስ ዓሣ የተለቀቀ ዕለት ክቡርነትዎ እንግዶችዎን አስከትለው መጥተው፣ ቁጥር ነኩ፤ በሩ እምቢ አለዎት። ደግመው ነኩ፤ አሁንም እምቢ አለ። ሰው ነዎትና ረሱት። ዘበኛው ያን ጊዜ ስለ ምስጢር ምንም አላሉም፤ በቁልፋቸው ከፍተው፣ ከአበባው መደብ ዳር ነጭ ቀለም የተቀባውን ድንጋይ አንሥተው በሩን አስደገፉልዎ። በሩ ቀኑን ሙሉ ተከፍቶ ዋለ። አባቴም ከእንግዶችዎ ኋላ ገብተው የለመዱት ቦታ ላይ ተቀመጡ። ያን ዕለት ሐይቁን የሰረቀው ሰው የለም። ዓሣ ከየት በኩል መግማት እንደሚጀምር አበው የተናገሩትን እዚህ ላይ አላነሣውም፤ ጨዋ ያሳደገኝ ሴት ነኝ።

በአራተኛው ላይ ምስጋናዬ ስለሚጎድል ይቅርታ ይደረግልኝ። ባለፈው ሳምንት አባቴ ከበሩ ሲመለሱ ወደ ቤት አልመጡም። የሚያውቁት ውሃ ቢከለከሉ ሌላ ውሃ ፍለጋ ሄዱ። እኔ ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ ስጮህ፣ ያገኟቸው ከዝምታቸው የተነሣ «ጭጭ» የምንላቸው የሐይቅ ጓደኛቸው ናቸው። አባቴ ከሰፈራችን ፋብሪካ ጀርባ ባለው የፍሳሽ ቦይ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው፣ መንጠቆ ጥለው ቆመዋል። ጭጭ እንዳያስደነግጧቸው ብለው አልተጣሩም፤ ጠርዙ ላይ ቁጢጥ ብለው «ያዘልህ?» አሏቸው። አባቴም «ገና ነው» አሉ። ጭጭም «ውሃው ዛሬ ደግ አይደለም፤ እንሂድ» ብለው እጃቸውን ይዘው አወጡልኝ። ያ ቦይ ዝናብ ሲጥል በሬ ይወስዳል፤ ዝናቡ ደግሞ እየመጣ ነው። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ኃላፊ፤ ይህን የማሳምርበት ቃል የለኝም።

ስለዚህ መመሪያው ይለወጥ፣ በሩም ይነቀል ለማለት አልደፍርም። የምለምነው ያንን ድንጋይ ብቻ ነው። አበባው ዳር ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ለዘበኛው ይከብዳቸዋል ከተባለ ጠዋት እኔ መጥቼ አነሣዋለሁ፤ ሲመሽም ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ።

የሚገቡበት በር ሁሉ ክፍት እንዲሆንልዎ፣ እርስዎም አንድ ቀን ብዙ ነገር ሲረሱ ድንጋይ የሚያነሣልዎ ሰው እንዳያጡ ከልብ እየተመኘሁ፣

ያንን ነገ በትዕግሥት የምጠብቀው፣
ከመናፈሻው ማዶ ያለሁት ልብስ ሰፊ፣ የሾፌሩ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከቦዩ ወዲህ የቤቴን በር እየቆለፍኩ ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ። ዛሬ ጠዋት አባቴ ኮታቸውን ለብሰው፣ ማጥመጃቸውን ይዘው ከበሩ ፊት ቆሙ። እጅጌያቸውን ገልብጠው ባዶውን ገበር ጥቂት አዩት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ለማያውቁት ሰው በሚሰጡት አክብሮት «እመቤት፣ ቁጥሩን ረሳሁት፤ እባክዎ ያስገቡኝ» አሉኝ። ከጽሕፈት ቤትዎ የተማርኩት ብቻ ከአፌ ወጣ፤ «ነገ ይመለሱ» አልኳቸው። አመስግነውኝ ሄደው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።