ብርድ ልብስህን አስመልስ

ልጄ ዌንደል፣ ከብረቱም ከውኃውም የሚሰውርህ ጌታ፣ እኅትህ በኢሜይል የምትልክልኝን ይህን ደብዳቤ ዛሬውኑ ያድርስልኝ። እኛ ደህና ነን። በለሱ ዘንድሮ ቀድሞ አፈራ፤ አባትህ "ለመርከበኛው ካላስቀረሽ አልቀምስም" ብሎ አኩርፏል።

ትናንት ከአንተ በላይ ባለው አልጋ የሚተኛው የታይረስ እናት ደወለችልኝ። "ልጅሽ እንዴት ቸር ነው፤ ብርድ ልብሱንም ሰዓቱንም ለልጄ ሰጠው" ብላ አመሰገነችኝ። እኔ ግን ደንግጬ ስልኩን ዘጋሁት። አጎትህ ሮስኮም ራሱን ከማጥፋቱ በፊት ሳምንት ሙሉ ዕቃውን ሲያድል ነበር።

የምትሠራበት ልብስ ማጠቢያ ከመርከቡ ታች ስለሆነ ፀሐይ ካየህ ሃያ ሦስት ቀን እንደሆነህ፣ ከመርከቡ ላይ አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር ጣሪያው የሚወርድብህ እንደሚመስልህ ጽፈህልኝ ነበር። እኔ ሞኟ "ጸልይ" ብዬ ብቻ መለስሁልህ። ይቅር በለኝ።

የመርከቡ ቄስ እንዲያገኝህ ደውዬ ለምኛለሁ፤ ሲመጣ አትሽሸው። የሮስኮን ነገር ሳትደብቅ ንገረው።

ከአንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ዛሬ ከሥራ ስትወጣ ታይረስን "እናቴ አስመልስ ብላኛለች" በለውና ብርድ ልብስህን ተቀበለው። እናቱ ስስታም ብትለኝ ግድ የለኝም። ለብሰኸው እደር፤ ነገም ወደ ላይ የሚያወጣህ ሰው ጌታ ይዘዝልህ።

እናትህ ሎሬታ