የኮቱ ገበር

ጥቅምት 4
ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ አንድ ዚፕ ቀየርኩ። ከሰዓት ወንድሜ ደወለ። ነገ ፍሪጅ ጭኖ ሊወጣ ነው። «አብረሽኝ ነይ፤ ብቻዬን መንዳት ሰለቸኝ» አለ። ውሸቱን ነው። መንገዱ በዘፋኙ ከተማ በኩል ያልፋል... አባባ ጥሎን የሄደው ለዚያ ዘፋኝ ክላርኔት ሊነፋ ነው። እኔ አራት ዓመቴ፣ ወንድሜ ገና በእማዬ ሆድ። እማዬ ፎቶውን ሁሉ አቃጠለች። «ወጥቶ ቀረ» ብቻ፣ እስክትሞት ድረስ። ወንድሜን ዕድሜ ልኩን የሚበላው አንድ ነገር ነው፦ «አባባ መወለዴን ያውቅ ነበር?»

ጥቅምት 6
ገባን። ፀጉር ቤቱ በዘፋኙ ስም፣ ፋርማሲው በዘፋኙ ስም፣ ጎሚስታው ሳይቀር! አደባባዩ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅለው ቀኑን ሙሉ ዘፈኑን ይለቃሉ። ሰው ሁሉ ዘፋኙን ይሰማል፤ እኔ ከኋላ ያለውን ክላርኔት። የሞተ አባቴ ትንፋሽ... ወንድሜ ሳንድዊቹን እየገመጠ «የቱ ነው እሱ?» አለ። «አሁን ዝም ያለው» አልኩት። እስኪመለስ ሁለታችንም ቆመን ጠበቅን።

ጥቅምት 7
የዘፋኙ ቤት። አስጎብኚዋ የእህቱ ልጅ ናት፤ አፏ አያርፍም። ስለ ክላርኔት ነፊው ጠየቅኋት፣ ልጆቹ መሆናችንን ሳልነግራት። «ውይ፣ ምስኪን! እዚሁ ጓዳ ነው የሞተው። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ ይል ነበር።» ወንድሜ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ግድግዳው ላይ ጥቁር ኮት ተሰቅሏል። «የመጨረሻ ኮቱ» ይላል ጽሑፉ፤ የዘፋኙ መሆኑ ነው። ጎብኚው ሁሉ ዕድል ይሆነኛል እያለ እጅጌውን ሲነካው አብረቅርቋል። እኔ ደግሞ የልብስ ሰፊ ነገር... ገበሩን ገለጥኩት።
«እህቴ፣ ውስጡ አይነካም!» አለች አስጎብኚዋ።
ብብቱ ስር ቢጫና ቡናማ ዳማ ጨርቅ ተጥፏል። የአንደኛ ክፍል ዩኒፎርሜ። ስፌቱ የእማዬ፤ ሁለቴ ሄዶ አንዴ የሚመለሰው። ያኔ ከቀሚሴ ጠርዝ ቁራጭ ጎድሎ ሳገኘው «አይጥ በላው» ነበር ያለችኝ። አምኜ ሳምንት ሙሉ አይጥ ስፈልግ...

ዩኒፎርሙን የለበስኩት እሱ ከሄደ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ኮቱ የአባባ ነው። ተመልሶ መጥቶ ነበር!

መኪና ውስጥ ለወንድሜ ነገርኩት። ሞተሩን አጠፋ። «ታዲያ እኔን አይቶኛል?» አላውቅም አልኩት። የምታውቀው እማዬ ነበረች። እማዬ፣ ምን አድርገንሽ ነው?

ጥቅምት 8
መንገድ። ፍሪጁን አራግፈን ተመለስን።

ጥቅምት 12
ሥራ እምቢ አለኝ። መርፌ በያዝኩ ቁጥር ያ ጨርቅ... የነበረኝ ዩኒፎርም አንድ ብቻ ነው። ያለሱ ትምህርት ቤት አይገባም፤ የተቆረጠው ደግሞ ከላዬ ወልቆ ሳለ ነው። ታዲያ ያን ቀን ቤት ነበርኩ ማለት ነው?

ነበርኩ። አሁን ዓይኔ ላይ መጣ። ሸሚዝ ብቻ የለበሰ እንግዳ፣ አልጋው ጫፍ ላይ። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታው ጥቁር ኮት ትሰፋለች። «ለእንግዳው ውሃ ስጪ» አለችኝ። መቀበያ እጅ አልነበረውም። ወንድሜ ጭኑ ላይ ተኝቷል፣ በሁለት እጁ አቅፎታል።

ወዲያው ደወልኩለት። «አይቶሃል። እቅፉ ውስጥ ተኝተህ ነበር» አልኩት። ያ ትልቅ ሰውዬ ስልኩ ላይ ተንሰቀሰቀ። ቆይቶ «አንቺስ?» አለኝ። «አንቺን ምን አለሽ?»

ስልኩን ዘጋሁት። ብርጭቆውን አፉ ላይ ይዤለት፣ የገዛ አባቴን፣ «ይጠጡ ጋሼ» ነው ያልኩት።