የተገለበጠው መስመር

መቀሌ፣ ጥር 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ውድ አቦይ ገብረዝጊ፣

እርስዎና ባለቤትዎ ኣደይ ኣስካል እንዴት ከረማችሁ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ መጻፍ የነበረብኝ ከስምንት ዓመት በፊት ነበር።

ከደብረ ብርሃን መቀሌ ስመጣ አንድ የትግርኛ ቃል አላውቅም ነበር። ሓወልቲ ሰፈር ያለው ቢሯችን የገባሁ ዕለት ወንበር ስበው «ጓለይ፣ ተቀመጪ» ብለው እንደ ልጅዎ የተቀበሉኝ እርስዎ ነዎት። ብዙም ሳንቆይ አፋር ቆላ አብረን ወረድን። የእኔ ሥራ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ልኮ ምን ያህል እንደሚያልፍ መለካትና መመዝገብ ነበር፤ የእርስዎ ደግሞ ገመዱን ዘርግቶ በዚያ ሐሩር የብረት ካስማ መምታት። ድንጋዩ ተሰንጥቆ ሙቅ ውሃ በሞላው ቦታ ኤሌክትሪኩ በቀላሉ ስለሚያልፍ የመለኪያው ቁጥር ይወርዳል። የምንፈልገው ተቆፍሮ እንፋሎት የሚወጣበትን ያንን ስንጥቅ ነበር።

አገኘነውም። መቀሌ ተመልሼ ካርታውን ሠራሁ፣ የሚቆፈርበት ቦታ ላይ ቀይ ምልክት አደረግሁ፣ ሪፖርቱም ተላከ። መቆፈሪያው ማሽን ሊነሳ ሦስት ቀን ሲቀረው እርስዎ ግድግዳው ላይ ያለውን ካርታ ሲያዩ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ለብቻዬ ጠሩኝ። ቁጥሩ ድንገት ሲወርድ ካስማውን የመቱት ከጥቁር ድንጋይ ክምር አጠገብ እንደነበር፣ የእኔ ምልክት ግን አሸዋው ላይ እንደወደቀ ነገሩኝ። ተቆጣሁ። ባለሙያዋ እኔ ነኝ ማለቴ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ደብተሬን ከፍቼ አየሁ። መስመሩን የዘረጋነው ከምሥራቅ ጀምረን ነው፤ እኔ ከምዕራብ ብዬ መዝግቤዋለሁ። ስንጥቁን ወደ ሌላኛው ጫፍ ወስጄው ኖሯል። የሙከራ ጊዜዬን እንኳ ገና አልጨረስኩም ነበር።

ወደ ኃላፊያችን ወደ አቶ ኣለምሰገድ አብረን ገባን። አፌን ሳልከፍት እርስዎ ቀደሙኝ።

«የመስመሩን መነሻ ገልብጬ የነገርኳት እኔ ነኝ» አሉ።

እኔም ዝም አልኩ።

እንደገና ተለካ። ከጥቁሩ ድንጋይ አጠገብ ተቆፈረና እንፋሎቱ ወጣ። ለእኔ ተጨበጨበልኝ፤ እርስዎ ከመስክ ሥራ ታግደው ጡረታ እስኪወጡ መጋዘን ውስጥ ተቀመጡ። አንድ ቀን እዚያው መጥቼ ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ጠየቅሁዎት። ገመድ መጠቅለልዎን ሳያቆሙ «እኔ መውጫዬ ደርሷል፤ አንቺ ገና መግባትሽ ነው» አሉኝ። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ባለፈው ሐሙስ ለአዲስ ገቢ ባለሙያዎች ስልጠና ሰጠሁ። አቶ ኣለምሰገድም በእንግድነት መጥተው ፊት ተቀምጠዋል። ያንን መስመር ሰሌዳ ላይ ሣልኩት። እንዴት እንደገለበጥኩት፣ ማን እንዳረመኝ፣ በእኔ ፈንታ ማን እንደተቀጣ ስምዎን ጠርቼ ተናገርኩ። አቶ ኣለምሰገድ አንገታቸውን ደፉ። ስወጣ በሩ ላይ ጠበቁኝ።

«ገብረዝጊ መስመር ገልብጦ አያውቅም ነበር። ያኔ ደግሜ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር» አሉኝ።

አቦይ፣ ዛሬ በሙያዬ ሰው የሆንኩት በእርስዎ ነው። ያን ጊዜ ቢያጋልጡኝ ኖሮ ሻንጣዬን ይዤ ደብረ ብርሃን እገባ ነበር። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እኔና አቶ ኣለምሰገድ ቁሓ ቤትዎ እንመጣለን። ልጆችዎ ሁሉ እንዲገኙ ያድርጉልኝ። አባታቸው ከመስክ የቀሩበትን ምክንያት ከእኔ አፍ መስማት አለባቸው።

ልጅዎ
ሸዋወርቅ