የአም ኢድሪስ ጭነት

መጋቢት 1፣ ዓርብ፣ ካርቱም። ከቀኑ 8 ሰ.

ገና አልተነሣንም። ነዳጅ የለም። ማለት ነዳጁ አለ፤ መኪናውም ዐይናችን ፊት ቆሟል። ሾፌሩ ግን ጁምዓ ሄዷል፣ ቁልፉም ኪሱ ውስጥ። ዐርባ ዲግሪ። መንገደኞቹ አዳራሽ፣ እኔና ረ/አብራሪዬ ዮናስ ክንፉ ጥላ ሥር። የካርቱም ዓርብ እንዲህ ነው፣ ደብተሬ። አሥር ሳምንት ሙሉ ስነግርህ አንተም ሳይሰለችህ አልቀረም።

አም ኢድሪስ መጣ። (አም አጎት ማለት ነው፤ እዚህ ሽማግሌ ሁሉ አም ነው።) የጫኞቹ አለቃ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥርሱ ሁሌ የሚስቅ። ሾፌሩን ከመስጊድ የሚጠራ ሰው ልኳል። እስከዚያው ፉል አስመጣልን። አይብም ቅቤም የለበትም፣ የሰሊጥ ዘይት ብቻ። ሁዳዴ መግባቱን ማን ነገረው? ገዳሪፍ ሳለ ከእኛ ሰዎች ጋር ስለሠራ አማርኛም ይሞካክራል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አልኩት። ወደደው። ለጫኞቹ ሁሉ እየዞረ ሲተረጉምላቸው ሾፌሩ ደረሰ።

መጋቢት 2፣ ቅዳሜ። ጠዋት

ዕረፍት። ሪያድ በሚሉት የካርቱም ሰፈር፣ የተከራዩልን ቤት ሰገነት ላይ። አለቆቻችን አውሮፕላኑን ከነሠራተኛው ለሦስት ወር ለዚህ አገር አየር መንገድ አከራይተዋል። ሁለት ሳምንት ቀረን። ስሄድ አም ኢድሪስ ይናፍቀኛል፤ ለማንም አልናገርም፣ ለአንተ ግን ይኸው።

መጀመሪያ ሰሞን እንደ ደንቡ ከመነሣታችን በፊት ወርጄ የጭነት ክፍሉን በባትሪ አይ ነበር። አንድ ቀን አጠገቤ ቆሞ አየኝ። ከዚያ ሦስት ቀን ሻይ ቀረ፣ ቀልድም ቀረ። በኋላ አንዱ ጫኝ ሹክ አለኝ፦ ሽማግሌ «ተማም» (ሁሉ ልክ ነው) ካለ ወዲያ ማየት፣ ዋሽተሃል እንደ ማለት ነው። ይሉኝታ ያዘኝ። ከዚያ ወዲህ አላይም። የጭነቱን ወረቀት ያመጣል፣ «ተማም፣ ያ ካብተን» ይላል፣ እፈርማለሁ።

ዮናስ ደንብ ደንብ ነው እያለ ይነተርከኛል። ልጅ ነህ፣ እዚህ አገር ሥራ የሚሄደው በሰው ፊት ነው አልኩት። ደግሞ ደስ ብሎኝ።

መጋቢት 4፣ ሰኞ፣ አ.አ.። ከምሽቱ 1 ሰ.

በተርታ ልጻፈው።

ከካርቱም 9 ሰ. ላይ ተነሣን። መንገደኞቹ የወሎ ሴቶች ናቸው፣ ለዐረፋ አገራቸው የሚገቡ። አምስት፣ ስምንት ዓመት ሰው ቤት የሠሩ። እጃቸው ሂና፣ ሳቃቸው እስከ እኛ ክፍል። አም ኢድሪስ ወረቀቱን አመጣ። ተማም። ፈረምኩ።

መንደርደሪያው ላይ አፍንጫው ሳላዝዘው ተነሣ። ወደ ታች ገፋሁት። አይሰማም። ጅራቱ ከብዷል። መሬት ለቀቅን፣ ከፍ ግን አይልም። ፍጥነቱ ይወርዳል፣ እገፋለሁ፣ ዮናስም አብሮኝ ይገፋል። ወንዙ። ድልድዩ ላይ የቆሙ መኪኖች። ከወንዙ ማዶ ባሕሪ የሚሉት ሰፈር ጣራዎች፣ የተሰጣ ልብስ ሳይቀር ይታየኛል። ከኋላ አንዲቱ እልል ትላለች። አገሯ ልትገባ ነዋ።

ቀስ እያለ ወጣ። እግዚአብሔር ይመስገን።

አ.አ. የኋላውን የጭነት ክፍል አስከፈትኩ። ከወረቀቱ ውጪ 19 ጭነት። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ፣ በገመድ የታሰረ። ቴሌቪዥን። የስፌት መኪና። ቴምር በጆንያ። የቆጠረው ዮናስ ነው። ነግሬህ ነበር አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 5፣ ማክሰኞ፣ ካርቱም። ቀትር

መንገዱን ሙሉ ቁጣዬን ስለማመድ መጣሁ። ፊቱን ሳይ ጠፋኝ።

አልካደም። ሚዛኑ ጋ ያሉት የሴቶቹን ትርፍ ዕቃ መልሰውባቸዋል። ዘይነብ የምትባለው፣ እዚሁ ሪያድ ስምንት ዓመት የሠራች፣ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሌሎቹም ተከተሏት። አም ኢድሪስ እነሱን እያየ መቆም አልቻለም። «ያ ካብተን፣ ዴል በናቲ» አለኝ፤ እነዚህ ልጆቼ ናቸው ማለቱ ነው። ለዒድ ባዶ እጃቸውን እናታቸው ደጅ ይቁሙ? ከኋላ የጫነውም አ.አ. ቶሎ እንዲወርድላቸው ብሎ ነው። አምስት ሳንቲም አልተቀበለም፣ አውቀዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ጭኗል፤ የጅራት መክበድ ምን እንደሚያመጣ እኔን እንኳ ያስተምረኛል። ሲያለቅሱ ረሳሁት አለ።

ሪፖርት ከጻፍኩ የመግቢያ ካርዱን ይነጥቁታል። ለጡረታው አንድ ዓመት ቀርቶታል። አትጻፍ ግን አላለኝም። ሻይ አስመጣ። ሳልጠጣው ተነሣሁ። አሁን ይቆጨኛል።

መጋቢት 6፣ ረቡዕ

ሦስት ወረቀት ቀደድኩ። በመጀመሪያው የማንም ስም የለም፦ «የጭነት ስሕተት ተፈጠረ»። ማን ፈጠረው? ጅኒ? በሁለተኛው የእሱ ስም ብቻ። አንብቤው ራሴን ጠላሁ። ሦስተኛው ልመና ሆነ።

ባልጽፍስ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የእኔ ወረቀት ይዞ የሚኖረው የእሱን ስም ነው። ግን ሌላ አብራሪ፣ ሌላ ሰኞ፣ ሌሎች ሴቶች። ያቺ እልልታ ከጆሮዬ አልወጣ አለች።

አራተኛውን ጻፍኩ። የመጀመሪያው መስመር፦ እኔ አዛዡ የጭነት ክፍሉን ሳላይ ፈረምኩ። ስሜ። ከዚያ የእሱ። ከዚያ 19 ጭነት። እኔም ከበረራ ልታገድ እችላለሁ። ለሚስቴ አልደወልኩም። ዮናስ አነበበና አብሬህ እፈርማለሁ አለ። ይህን ልጅ ስንት ጊዜ አናደድኩት።

አም ኢድሪስ ሳያውቅ አልልከውም። ነገ ዒድ ነው። ምን ዓይነት የዒድ ስጦታ!

መጋቢት 7፣ ሐሙስ። ከቀኑ 10 ሰ.

ካላክላ፣ አም ኢድሪስ ሰፈር ሄጄ መጣሁ። ሚኒባሱ አዲስ ልብስ በለበሱ ሕፃናት ጢም ብሏል። ሁለት ኪሎ ጣፋጭ ይዤ፣ ወረቀቱ ደረት ኪሴ ውስጥ። አም ኢድሪስ በር ላይ አቀፈኝ። የበግ ሥጋ ቀረበ። እሱ ራሱ ገፋ አደረገውና ጾም ነው፣ ጾም ነው ብሎ ሚስቱ ላይ ጮኸ። ከጎረቤት ፉል መጣልኝ።

አላስቻለኝም፤ ሳልቀምስ አወጣሁት። በተሰባበረው ዐረብኛዬ አነበብኩለት። ዐይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ስሜ ከስሙ ቀድሞ ሲመጣ ዐይኑን ገለጠ፣ ሊናገር ፈለገ፤ ዝም ብዬ ቀጠልኩ። ጨረስኩ። ሚስቱ ትሪውን ይዛ እንደ ቆመች ቀረች።

ዐሥራ ዘጠኝ አይደለም አለኝ።

ሊክድ ነው ብዬ ልቤ ወደቀ። ኧረ ደስም አለኝ መሰለኝ፤ ቢክድ እናደድበትና ይቀለኝ ነበር። እሱ ግን ሃያ ሦስት ነው አለ። አራቱ የፊተኛው ክፍል ውስጥ፣ ከፖስታው ጆንያ ሥር፤ እናንተ እዚያ አላያችሁም። ከጀለቢያው ኪስ እስክሪብቶ አወጣና ሰጠኝ። አስተካክለው አለ።

ሰረዝኩ። 23 ብዬ ጻፍኩ። እንባዬ መጣ፣ አላፈርኩም። እሱ ደግሞ ብላ እንጂ፣ ፉሉ ቀዘቀዘ እያለ ይቆጣኛል።

ነገ ጠዋት እልከዋለሁ።